ጦስኝ፣ ሰናፍጭ እና የሯጭ ጡንቻ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ሲሆኑ፣ የሚያነሱት ጉዳይ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ይኸውም በዕፅዋት ውስጥ የሚገኙት አንቲኦክሲዳንት የተባሉ፣ ኦክሲዴሽንን (ሞለኪውሎች ኤሌክትሮናቸውን ተነጥቀው የሚበላሹበትን ሂደት) የሚገቱ ንጥረ ነገሮች ጡንቻን ከጉዳት ይጠብቃሉ ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስለሚፈልግ የዓምዱን አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የምኖር የ5,000 ሜትር ሯጭ ነኝ። በሳምንት አንድ ቀን ከጣርማ በር ዋሻ ተነስተን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል እንሮጣለን። በማግስቱ፣ ይልቁንም በሦስተኛው ቀን፣ ደረጃ መውረድ እስኪያቅተኝ ድረስ ጭኔን ያመኛል። አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ «ኦክሲዴሽን ነው» ብሎ በየቀኑ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር እንድወስድ መከረኝ። አያቴ ደግሞ የመንዝ ጦስኝ እያፈሉ ያጠጡኛል። በአንድ የእንክብል ዕቃ ላይም የዕፅዋት ጭማቂ የጡንቻ ሕዋስን ከኦክሲዴሽን ጉዳት እንደሚከላከል በላቦራቶሪ መረጋገጡን አንብቤአለሁ። የትኛውን ልከተል?

መልስ፦ በቅድሚያ የጭንዎን ሕመም ከኦክሲዴሽን ለይተን ብናየው ይሻላል፤ ጓደኛዎ ሁለቱን አንድ አድርገው የወሰዷቸው ይመስላል። ዳገት ሲወጡ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል፤ ቁልቁል ሲሮጡ ግን ሰውነትዎ ወደ ፊት እንዳይደፋ ለመያዝ እየተኮማተረ ሳለ በክብደትዎ ይለጠጣል። እንዲህ ያለው ሥራ ጥቃቅን የጡንቻ ክሮችን በጉልበት ብቻ ይበጣጥሳል። ሕመሙ ወዲያው ሳይሆን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚበረታው፣ የተጎዳውን ክር ለማጽዳት የሚመጡት ነጭ የደም ሕዋሳትና እነርሱ የሚያስከትሉት ብግነት ጊዜ ስለሚወስዱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ላክቲክ አሲድ ሩጫው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ስለሚጠራ፣ ለሦስተኛው ቀን ሕመም ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። ኦክሲዴሽን በነገሩ የለበትም ማለት ግን አይደለም፤ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ፍርስራሹን ለማጽዳት የሚረጩት ኬሚካል ራሱ ከኦክስጅን የሚሠራና በአካባቢው ያለውን ጤነኛ ክርም ሊነካ የሚችል ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ፍሪ ራዲካል የሚባሉት ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያላቸውና ያንን ለማሟላት ከሌላ ሞለኪውል የሚነጥቁ ቅንጣቶች ናቸው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1982 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) አይጦች እስኪደክሙ ከሮጡ በኋላ በጡንቻቸውና በጉበታቸው ውስጥ የእነዚህ ቅንጣቶች ምልክት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ መጨመሩን አሳዩ። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ በሆነው በማይቶኮንድሪያ ላይ ተጥሎ ነበር። ዛሬ ግን ከዚያ የሚያመልጠው ኦክስጅን ድሮ ከተገመተው እጅግ ያነሰ መሆኑ፣ በሥራ ላይ ባለ ጡንቻ ውስጥም ትልቁ ምንጭ በሕዋሱ ሽፋን ላይ የሚገኙ፣ ቅንጣቶቹን ሆን ብለው የሚያመርቱ ኢንዛይሞች መሆናቸው ይታመናል። ሆን ብለው የሚለውን ቃል ያስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ቅንጣቶቹ የሚያደርሱትን ጉዳት ለመረዳት ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ የሰነበተ የኑግ ዘይት ማሽተት ይበቃል። ያ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ የሚመጣው አንዱ የቅባት ሞለኪውል ኤሌክትሮን ሲነጠቅ ከጎረቤቱ እየነጠቀ፣ ጎረቤቱም ከሚቀጥለው እየነጠቀ በሚሄድ ሰንሰለት ነው። የጡንቻ ሕዋስ ሽፋንም ከተመሳሳይ ቅባት የተሠራ ስለሆነ ይኸው ሰንሰለት በውስጡ ሊነሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሽፋኑ ያፈስሳል፣ ካልሲየም ያለቦታው ይገባል፣ ጡንቻውም ጉልበት ያጣል። ቫይታሚን ኢ በሽፋኑ ውስጥ ተቀምጦ ሰንሰለቱን ይቆርጣል፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ያገለገለውን ቫይታሚን ኢ መልሶ ያድሰዋል። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ የሚጨምሯቸው እንደ እርድና አብሽ ያሉ ቅመሞችም ጣዕም ከመስጠት አልፈው ይህንኑ የቅባት መበላሸት ያዘገያሉ። እስከዚህ ድረስ ጓደኛዎም የእንክብሉ አምራችም ትክክል ናቸው።

ስህተቱ የሚጀምረው በድስት ውስጥ የሆነው ሁሉ በጭን ውስጥም ይሆናል ተብሎ ሲታሰብ ነው። በዕቃው ላይ ያነበቡት የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሚከተለው መንገድ ነው። ከአይጥ ጡንቻ የተገኙ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በየላቦራቶሪው የሚራቡ ሕዋሳት በሳህን ላይ ይዘረጋሉ፤ በዕፅዋቱ ጭማቂ ለተወሰኑ ሰዓታት ይዘፈዘፋሉ፤ ከዚያም ኦክሲዴሽን የሚያስነሳው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨመርባቸውና ከሞት የተረፉት ይቆጠራሉ። ጭማቂ ያገኙት በብዛት ከተረፉ ጭማቂው ይከላከላል ይባላል። ሙከራው ለመነሻነት ጠቃሚ ነው፤ ለሯጭ መልስ ለመስጠት ግን አይበቃም። ሳህኑ ላይ የሚጨመረው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ሰው በልቶ በደሙ ውስጥ ሊያገኘው ከሚችለው አሥር ወይም መቶ እጥፍ ይበልጣል። ለምሳሌ በቀይ ሽንኩርት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኩዌርሴቲን ከተበላ በኋላ የአንጀት ግድግዳና ጉበት ወዲያው መልኩን ይቀይሩታል፤ በደም ውስጥ የሚታየው መጠንም በማይክሮሞል ደረጃ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ነው። በአንጻሩ ሕዋሱ ራሱ የሚሠራው ግሉታታዮን የተባለ ተከላካይ በሚሊሞል ደረጃ፣ ማለትም በሺህ እጥፍ በልጦ ይገኛል። ከሽንኩርት የመጣችው ጥቂት ሞለኪውል ያን ያህል ሠራዊት ባለበት ስፍራ ፍሪ ራዲካል እያሳደደች ትይዛለች ማለት ከሒሳቡ ጋር አይገጥምም። ይባስ ብሎ ፖሊፊኖል ከሚባሉት የዕፅዋት አንቲኦክሲዳንቶች አንዳንዶቹ በሳህኑ ፈሳሽ ውስጥ ራሳቸው ኦክሲዴሽን ደርሶባቸው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ስለሚፈጥሩ፣ ውጤቱን በጥንቃቄ ያልተረጎመ ተመራማሪ ሊሳሳት ይችላል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ምግቦችን በአንቲኦክሲዳንት ኃይላቸው የሚያወዳድረውን ኦራክ የተባለ ሠንጠረዡን በ2012 ያነሳውም፣ በብልቃጥ የተለካው ቁጥር በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ስለማያሳይና ለገበያ ማስታወቂያ መጠቀሚያ ስለሆነ ነበር። ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ በየማሸጊያው ላይ ይታያል።

ታዲያ ዕፅዋት ምንም አያደርጉም? ያደርጋሉ፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው፤ በእኔ ግምትም ከመጀመሪያው ታሪክ ይልቅ የሚደንቀው ይህኛው ነው። በጾም ቀን ሰናፍጭ ሲዘጋጅ አይተው ያውቃሉ። ደረቁ ፍሬ ሲሸተት እምብዛም አያቃጥልም፤ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ግን አፍንጫ ይሰነጥቃል። ይህ የሚሆነው በፍሬው ውስጥ ተለያይተው የተቀመጡት ሲኒግሪን የተባለ ንጥረ ነገርና እርሱን የሚሰብረው ኢንዛይም ተገናኝተው የሚያቃጥለውን ውሁድ ስለሚፈጥሩ ነው። ተክሉ ይህን የሚያደርገው ነፍሳትን ለማባረር ነው። የሐበሻ ጎመንም የዚሁ ዘር ስለሆነ ሲኒግሪን አለው። ይህ ቆጥቋጭ ውሁድ በሰው ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ኪፕ1 የተባለ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። ኪፕ1 በሰላሙ ጊዜ ኤንአርኤፍ2 የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ይዞ ለመፍረስ የሚያስረክብ ነው፤ በቆጥቋጩ ውሁድ ሲነካ ግን ይህን ሥራውን ስለሚያቋርጥ፣ ኤንአርኤፍ2 ተርፎ ወደ ሕዋሱ አስኳል ይገባና ግሉታታዮን የሚሠሩትንና ሌሎች የመከላከያ ኢንዛይሞችን የሚያመርቱትን ዘረ መሎች ይቀሰቅሳል። የእርድ ኩርኩሚን በዚሁ መንገድ እንደሚሠራ በሕዋስና በእንስሳት ሙከራዎች ታይቷል፤ የጦስኝ ካርቫክሮልና ሮዝማሪኒክ አሲድም በተመሳሳይ ሙከራዎች ወደዚሁ የሚያመለክት ውጤት አሳይተዋል። በሌላ አነጋገር ጠቀሜታው የሚመጣው ተክሉ ለሕዋሱ ጥቂት መርዝ መሰል ነገር ስለሆነ፣ ሕዋሱም ለዚያ ምላሽ ሲሰጥ የራሱን መከላከያ ስለሚያጠናክር ነው። የዚህ ምላሽ ውጤት ውሁዱ ከደም ከወጣ በኋላም ለሰዓታት አንዳንዴም ለቀናት ስለሚቆይ፣ ጥቂት መጠን ብዙ ሥራ የሚሠራበት ምክንያት ይገባናል።

አሁን ወደ እንክብሉ እንመለስ። ጡንቻ ቅንጣቶቹን ሆን ብሎ እንደሚያመርት ተናግረናል፤ የሚያመርተውም ለምልክትነት ነው። ልምምድ ሲሠሩ የሚነሳው መጠነኛ ኦክሲዴሽን ጡንቻው ተጨማሪ ማይቶኮንድሪያ እንዲሠራ፣ የራሱንም መከላከያ ኢንዛይሞች እንዲያበዛ የሚያዝዝ መልእክት ነው። በ2009 የታተመ በጀርመን የተደረገ ጥናት ወጣት ወንዶችን ለአራት ሳምንት ልምምድ አሠርቶ፣ ለከፊሎቹ በየቀኑ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ እና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ሰጠ። ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ በልምምዱ የተሻሻለው እንክብሉን ባልወሰዱት ላይ ብቻ ሲሆን፣ የመከላከያ ኢንዛይሞቻቸው ዘረ መሎች የነቁትም የእነርሱ ነበሩ። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 54 ሰዎችን ለ11 ሳምንት ተከታትሎ፣ ከፍተኛ መጠን ቫይታሚን ሲ እና ኢ የወሰዱት በጡንቻቸው ውስጥ የማይቶኮንድሪያ ዕድገት ምልክቶች መዳከማቸውን አገኘ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሩጫ አቅማቸው ራሱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ልዩነት አላሳየም። ሕመምን በተመለከተ 50 ጥናቶችን የመረመረ የ2017 የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው አንቲኦክሲዳንት ከልምምድ በኋላ የሚመጣውን የጡንቻ ሕመም የሚቀንሰው ሯጩ ሊያስተውለው በማይችል መጠን ብቻ ነው ሲል ደምድሟል። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ስለነበሩ ለሴት ሯጮች በቀጥታ መውሰድ ይከብዳል።

ስለዚህ ምክራችን እንክብሉን እንዲተዉ፣ የአያትዎን ጦስኝ ግን እንዲጠጡ ነው። ለእግር ሕመሙ የሚረዳው የቁልቁለቱን ርቀት ቀስ በቀስ መጨመር ነው፤ ጡንቻ አንድ ጊዜ በቁልቁለት ከተጎዳ በኋላ ለቀጣዩ ተመሳሳይ ሥራ ለሳምንታት የሚቆይ መቋቋም ያዳብራል። ጎመኑን በሚመለከት ግን አንድ ነገር ለቤትዎ ይንገሩ፦ ጎመን ሙሉውን ቅጠል ቀቅሎ፣ ውሃውን ጨምቆ መድፋት ከቫይታሚን ሲው ብዙውን ያስወጣል፤ ሙቀቱም የተናገርነውን ኢንዛይም ይገድላል። ከትፎ ጥቂት ደቂቃ ማቆየትና በትንሽ ውሃ ቶሎ ማብሰል ይሻላል። ከጎኑ ሰናፍጭ ካለ ደግሞ የሰናፍጩ ኢንዛይም የጎመኑንም ሥራ ያግዛል።

ጥያቄ፦ በሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ አካባቢ አስተማሪ ነኝ። በሠፈራችን ጓያ ይበላል። ወላጆቻችን ክፉ ቀን ሲመጣ ጓያ እግር ይሰብራል ይሉ ነበር። ጉዳቱ በጡንቻ ላይ የሚደርስ ኦክሲዴሽን ነው? ሽንኩርትና ቅመም ያለበት ወጥ ይከላከላልን?

መልስ፦ ጓያ የሚጎዳው ጡንቻውን ሳይሆን ጡንቻውን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር እነዚህን ሕዋሳት ከመጠን በላይ ያነቃቃል፤ በእንስሳት ሙከራ እንደታየውም ማይቶኮንድሪያቸውን ይረብሻል፣ ግሉታታዮናቸውንም ያሟጥጣል። ስለዚህ ኦክሲዴሽን በነገሩ ውስጥ አለ፤ ቦታው ግን ጡንቻ ውስጥ ሳይሆን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። ግሉታታዮን የሚሠራው ድኝ ካላቸው አሚኖ አሲዶች ሲሆን ጓያ እነዚህ የሚጎድሉት ምግብ ነው፤ እህል ግን የተሻለ አለው። ጉዳቱ በድርቅ ዘመን የሚበረታውም ለዚህ ነው፤ ጤፉና ስንዴው ሲያልቅ ድርቅ የሚችለው ጓያ ብቻ ይቀራልና ለወራት ዋና ቀለብ ይሆናል።

ስለ ወጡ ያነሱት ነገር በአገራችን ተጠንቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ማግስት በወሎ ደላንታ ዳውንት የጓያ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ ነበር፤ በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በዚያ አካባቢ ጓያን ቆልተው፣ በንፍሮ ወይም በእሸትነት የበሉ ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ማግኘቱን፣ ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉት እንዲሁም አንቲኦክሲዳንትነት ያላቸው ቅመሞች ከገቡበት ወጥ ጋር የበሉት ላይ ግን ስጋቱ በጉልህ መቀነሱን ዘግቧል። ውጤቱ አበረታች ነው። ሆኖም በክፉ ቀን ሽንኩርትና ቅመም መግዛት የቻለ ቤተሰብ ሌላ ምግብም ስለሚኖረው፣ ጥበቃው ከቅመሙ ብቻ መጣ ብሎ መናገር አይቻልም። ለተማሪዎችዎ ቤተሰቦች ልንገራቸው የሚሉት ካለ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ጓያ ከዕለቱ ምግብ ጥቂቱ ድርሻ ብቻ ይሁን፤ ከእህል ጋር ይቀላቀል፤ ኦዳፕ በውሃ ስለሚሟሟ ፍሬው ተዘፍዝፎ ውሃው ይደፋ፤ ቅመሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አንዴ የደረሰ ሽባነት በምንም ቅመም አይመለስም።

ጥያቄ፦ ከመሃል ሜዳ ነው የምጽፍላችሁ። ጦስኝ አድርቄ ለገበያ አቀርባለሁ። እናቴ 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ ጭናቸው ስለሳሳ ከመደብ ለመነሳት ይቸገራሉ፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። በቀን አራት አምስት ጊዜ ጦስኝ ባጠጣቸው ጡንቻቸው ይመለሳል? ጥሩ ጦስኝስ እንዴት ይደርቃል?

መልስ፦ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 በኋላ ፍጥነቱ ይጨምራል። የማይቶኮንድሪያ መዳከምና ከእርሱ የሚመጣው ኦክሲዴሽን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ ጡንቻን መልሶ ሊያጠነክር እንደሚችል በሰዎች ላይ በጥሩ ሁኔታ የታየው ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ከበቂ ፕሮቲን ጋር ነው። እናትዎ መደቡን ይዘው መነሳትና መቀመጥን በቀን ጥቂት ጊዜ እየደጋገሙ ቢለማመዱ፣ በጾም ወራትም ምስር፣ አተርና ባቄላ ባይጎድልባቸው፣ በፍስክ ደግሞ እንቁላልና ወተት ቢያገኙ ከማንኛውም ሻይ ይበልጣል። ጦስኙን ለጣዕሙና ለሙቀቱ ይጠጡት።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። እንደ ቡናና ሻይ ሁሉ የጦስኝ ፖሊፊኖሎች ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደርጉ፣ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣቱ ይመረጣል፤ ሥጋ በማይበላበት ጾም ጊዜ ይህ ይበልጥ ዋጋ አለው። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው ጦስኝን ለደም ግፊት ስለሚጠጣ የሐኪሙን መድኃኒት የሚያቋርጥ አለ፤ እናትዎ እንዳያቋርጡ፣ በቀን ብዙ የሚጠጡ መሆናቸውንም ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ስለ ማድረቁ፦ የጦስኝ ሽታና ቆጥቋጭነት ታይሞልና ካርቫክሮል ከተባሉ ቶሎ ከሚተኑ ዘይቶች ስለሚመጣ በፀሐይ ላይ የደረቀ ጦስኝ ከሽታውም ከጥቅሙም ያጣል። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር በስሱ ዘርግተው ያድርቁት፤ ቅጠሉን ሳያደቁ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ብርሃን በማይደርስበት ያኑሩት፤ ሲፈላም ውሃው ከእሳት ከወረደ በኋላ ጨምረው ይክደኑት እንጂ አብረው አይንተክትኩት። ከጓሳ ዳርና ከየገደሉ የሚሰበስቡልዎት ልጆች ካሉም ከነሥሩ ከመንቀል ይልቅ ከላይ በማጭድ እንዲቆርጡ ይንገሯቸው፤ በዚያ ብርድ የተነቀለ ጦስኝ ቶሎ አይተካም።